የተጣለ የጋሪ ፈረስ ለፖሎ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ የምንኖር ስምንት ወጣቶች ነን፤ አብዛኞቻችን ጉግስ እንጋልባለን። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ባለቤቶቻቸው መንገድ ዳር የጣሏቸውን የጋሪ ፈረሶች አንስተን፣ አክመን፣ ፖሎ (በፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ በረጅም ዱላ የሚመታበትን ጨዋታ) ልንጫወትባቸው አስበናል። እስካሁን ሦስት ሰብስበናል። በጣም ከስተዋል፤ አንዱ ጀርባው ገጣባ ነው። ቶሎ እንዲያገግሙ ገብስና ባቄላ እያበላናቸው ነው። ለጥምቀት ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ያን ቀን ጨዋታ ለማሳየት ይደርሱልናል? የአገራችን ፈረስ ቁመቱ ለፖሎ አይበቃም የሚሉንስ እውነት ነው?»

ገብሱንና ባቄላውን ዛሬ ማታ አቁሙ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ ይህ ግን አይቆይም። አጥንቱ የወጣ ፈረስ በረሃብ ሳይሆን ከረሃብ በኋላ በተሰጠው እህል ሊሞት ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት የሚኖረው የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ነው። በድንገት ብዙ እህል ሲገባለት ደሙ በስኳር ይሞላል፤ ያንን ስኳር ወደ ሴሎች ለማስገባት ሰውነቱ በደም ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም አብሮ ጠርጎ ያስገባል። ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ደግሞ ያለ እነዚህ ማዕድናት አይሠሩም። ፈረሱ ሁለት ቀን የተሻለው መስሎ በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይወድቃል፤ ሰዎችም «እየበላ ሞተ» ይላሉ። እህሉ ከዚህ ቢያተርፈው እንኳ የሆድ ቁርጠትና የሰኮና ውስጥ ብግነት ያመጣል። በብግነቱ አጥንቱ ከሰኮናው ግድግዳ ከተላቀቀ ፈረሱ ዳግመኛ ለግልቢያ አይሆንም።

አመጋገቡ ይህ ነው። 200 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ፈረስ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየ4 ሰዓቱ ወደ 250 ግራም ደረቅ አልፋልፋ ስጡት። አልፋልፋ ፕሮቲኑም ፎስፈረሱና ማግኒዚየሙም ከሣር የተሻለ ስለሆነ ለዚህ ጊዜ ይመረጣል። ካጣችሁ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ሻጋታ የሌለበት የሣር ድርቆሽ ከ300 እስከ 400 ግራም አድርጉት። በየ4 ሰዓቱ ስል ሌሊቱንም ማለቴ ነው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4፣ ሌሊት 8። ስምንት ሰዎች ናችሁ፤ ተራ ግቡ። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በ6ኛው ቀን በድምሩ 2.5 ኪሎ ገደማ ይድረስ። በ10ኛው ቀን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ድርቆሽ ይብላ። እህልና ፉርሽካ ከሁለት ሳምንት በፊት አይቅረበው፤ ያን ጊዜም በቀን ከግማሽ ኪሎ አትጀምሩ፣ ከአንድ እፍኝ እንጂ። ጭድ ብቻውን መኖ አይደለም፤ ለከሳ ፈረስ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ሥጋ አይሰጠውም፣ ጥርሱ ከተበላሸ ደግሞ አንጀቱን ይዘጋዋል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላም ለከብት ተዉት። ንጹሕ ውኃና የሚልሰው አሞሌ ጨው ሁልጊዜ ከፊቱ አይጥፋ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ መኖ ይበላል። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስብ የሌለው ፈረስ የሚበላውን ሁሉ ለሙቀት ያቃጥለዋል። ነፋስ የማይገባበት በረት አዘጋጁ፤ ማታ ማታ የመንዝ ባና አልብሱት። ጠዋት ባናውን አንስታችሁ ከሥሩ እጃችሁን ማስገባት አትርሱ፤ ቆዳው ረጥቦ ከሆነ ባናው ማሞቁን ትቶ እያቀዘቀዘው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀት ነው። የተጣለ ፈረስ ባለቤት የሌለው ፈረስ ማለት አይደለም። በክረምት አጥንቱን ያየ ባለቤት በጥር አምሮበት ሲያየው «ፈረሴ ነው» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱንም ከነመልካቸው፣ ከነቦቃቸውና ከነጠባሳቸው ፎቶ አንስታችሁ ለቀበሌው አሳውቁ። ባለቤቱ ከታወቀ በምስክር ፊት የተፈረመ ማስተላለፊያ ያዙ። ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ግን ተጠንቀቁ። ለተጣለ ፈረስ ዋጋ መክፈል ከጀመራችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ፈረስ የሚከሳው ለእናንተ እንዲሸጥ ይሆናል።

ሦስቱን ከሌሎች የጉግስ ፈረሶቻችሁ ለይታችሁ ቢያንስ ለ3 ሳምንት አስቀምጡ። ባልዲ፣ ብሩሽ፣ ልጓም፣ ኮርቻ ምንም አይዋዋሱ። ከጋሪ ፈረስ ጋር ወደ በረታችሁ እንዳይገባ በጣም የምትፈሩት ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች ያወጣል፤ እያንዳንዱ ይፈነዳና ወፍራም መግል ያፈሳል። በቁስል፣ በዝንብና በማሰሪያ ይተላለፋል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም። በሽታው ይበልጥ የሚበዛው ከደብረ ብርሃን ዝቅ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ነው፤ ስለዚህ ፈረሱ ከየት እንደመጣ ማጣራት ዋጋ አለው። እባጭ ያለበትን ፈረስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ሌላ ፈረስ አይንካ። በፍም ብረት መተኮስ ደግሞ በሽታውን አያቆመውም፤ አዲስ የመግቢያ በር ይከፍትለታል።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በትንንሽ ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ነው፤ ብርዱ ለደጋው ይረዳዋል። ፈረሶቻችሁን ለጨዋታም ሆነ ለበዓል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የምታወርዱ ከሆነ ግን ሳይከተቡ አይውረዱ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ በወረዳችሁ እንስሳት ጤና ክሊኒክ በኩል ጠይቁ። ቁስል ላለበት ፈረስ የመንጋጋ ቆልፍን (የቴታነስን) ነገር ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ፈረስ ካጋጠማችሁ «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሆድ ትል መድኃኒት ከ10 ቀን በኋላ፣ ፈረሱ መብላት ሲለምድ ይሰጥ። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ፈረስ ላይ አትውጉ፤ የተወጋበት ቦታ በጀርም ተበክሎ ሊገድለው ይችላል። ለፈረስ በአፍ የሚሰጠው ነው።

ገጣባውን በተመለከተ፦ አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምሩበት። ሲበርድ በቀን ሁለት ጊዜ እጠቡትና ከዝንብ ጠብቁት። የባትሪ አሲድ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ኬሮሲን የሚባል ነገር አይነካው። እነዚህ ቁስሉን «አደረቁት» የሚባለው ሊድን የጀመረውን አዲስ ሥጋ ስለሚገድሉት ነው። ቁስሉ ዘግቶ ጠጉር እስኪያበቅል ምንም ጭነት፣ ምንም ኮርቻ የለም፤ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፍጅ። በጠባሳው ላይ ነጭ ጠጉር ይበቅላል፤ ቆዳው ግን ከድሮው የሳሳ ነውና ኮርቻው ዳግም ሊልጠው ይችላል። ከዳነ በኋላ ኮርቻውን ስትሞክሩ በትከሻው ጉብታና በኮርቻው ቅስት መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ ሰው ተቀምጦበትም ይግባ። ከሥር እጥፍ ባና አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ጋልቡትና ኮርቻውን አንሱ። ጀርባው በእኩል ካላበ መልካም ነው። በላበው መካከል ሳንቲም የምታህል እንኳ ደረቅ ቦታ ካያችሁ ኮርቻው እዚያ ላይ ተጭኖ ደም ከልክሏል፤ የነገው ገጣባ የሚወጣው ከዚያች ነጥብ ነው።

አፉን በሐኪም አስከፍታችሁ እዩ። የጋሪ ልጓም ብዙ ጊዜ ከፌሮ ተጠማዞ የሚሠራ ነው፤ ምላስ ይቆርጣል፣ የከንፈር ጥግ ይተለትላል፣ የድዱን አጥንትም ያቆስላል። የመንጋጋ ጥርስ ጠርዝ ከሾለ ይሞረዳል፤ ሳይሞረድ የሚሰጠው መኖ ግማሹ ሳይታኘክ ይወጣል። የአፉ ላንቃ አብጧል ተብሎ መብጣት ግን ይቅር፤ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ የጤና ነው፤ የበጣ ቢላ የሚያመጣው ደምና ቁስል ብቻ ነው። በጥርሱ ዕድሜውንም ታውቃላችሁ። በ5 ዓመቱ የጎልማሳ ጥርሱ ሁሉ ይሞላል፤ ለአዲስ ሥልጠና ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለው ይመረጣል። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንት ይከርከም፤ ለወራት ሳይከረከም የረዘመ ሰኮና በአንድ ቀን አያጥርም፣ ጅማቱ እንዲለምድ በሁለት ሦስት ጊዜ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ቁመት። ቁመቱ አይበቃም የሚሏችሁ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ችግር የለም የሚሏችሁም እንደዚያው። የዛሬው ፖሎ መሠረት በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የማኒፑር ጨዋታ ነው። የማኒፑር ፈረስ ከመሬት እስከ ትከሻው ጉብታ ከ1.12 እስከ 1.32 ሜትር ነው፤ ከሰላሌና ከመንዝ ፈረስ አይበልጥም። ዛሬ የምታዩዋቸው 1.50 እና 1.60 ሜትር የሚደርሱ ፈረሶች የመጡት ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቁመት ገደቡ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ፈረሱ አጭር መሆኑ አይከለክለውም። የሚከለክለው ክብደት ነው።

ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 25 በመቶ ሲያልፍ የጀርባ ጡንቻ መታመምና መደንደን ይጀምራል። ሚዛን ባይኖራችሁም በሜትር ትገምታላችሁ። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለኩ፤ ቁጥሩን በራሱ አባዙት፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት አባዙት፤ ለ11,880 አካፍሉት፤ የሚመጣው ኪሎ ነው። ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ጥሩ ሥጋ የያዘ ፈረስ 246 ኪሎ ይመጣል፤ 20 በመቶው 49 ኪሎ ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ከሆነ ለጋላቢው የቀረው 41 ኪሎ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ከነኮርቻው ሲቀመጥበት ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

«አባቶቻችን በዚሁ ፈረስ መንዝ ወጥተው ወርደዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ገበያ መሄድ በእርምጃና በሶምሶማ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ነው። ፖሎ ሽምጥ ግልቢያ፣ ድንገተኛ ማቆም፣ በአንድ እግር ላይ መዞር ነው፤ ጋላቢው ደግሞ ወደ ቀኝ ተንጠልጥሎ ስለሚመታ ክብደቱ መሐል ላይ አይቀመጥም። በዚህ ላይ በረሃብ ጡንቻውን ያጣ ጀርባ ሲጨመር ጉዳቱ የማይቀር ነው። ከስምንታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆናችሁ ሁሉ በእነዚህ ፈረሶች ላይ አትውጡ።

ለማንከስ ፍተሻ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ፈልጉ። አንድ ሰው ልጓሙን ላላ አድርጎ በሶምሶማ ያስኪደው፤ እናንተ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን እዩ። የፊት እግሩን የታመመ ፈረስ ደህነኛው እግር ሲያርፍ ራሱን ዝቅ፣ ሕመምተኛው ሲያርፍ ቀና ያደርጋል። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በክብ አዙሩት፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያልታየው እዚያ ይታያል። ጉልበቱ ላይ የፀጉር አልባ ጠባሳ ካለ ኮብልስቶንና አስፋልት ላይ ተደናቅፎ የሚወድቅ ፈረስ ነው፤ የሚደናቀፍ ፈረስ ላይ ማንም እንዳይጋልብ። አንድ ዓይኑ የታወረ ፈረስ በፖሎ ሕግም የተከለከለ ነው፤ ከታወረበት በኩል የሚመጣውን ፈረስ አያይም። የጅማት እብጠት የያዘ፣ ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያስልና ሆዱን እየጨመቀ የሚተነፍስ፣ የሚራገጥና የሚናከስ ከጨዋታ ውጭ ነው። ያልተኮላሸ ድንጉላ ከባዝራ ጋር ሜዳ ላይ ማሰለፍም አደጋ ነው፤ ለማኮላሸት ሐኪም ጥሩ፣ ከዚያ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ።

እነዚህን ሁሉ ያለፈ ፈረስ ቢገኝ እንኳ ትልቁ ሥራ ገና አልተጀመረም። የጋሪ ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ ዱላና አለንጋ ከኋላው ሲነሳ ኖሯል። ፖሎ ደግሞ ከ1.20 ሜትር በላይ የሆነ ዱላ በቀኝ ዓይኑ አጠገብ ደጋግሞ የሚወዛወዝበት ጨዋታ ነው፤ በግራ እጅ መጫወትም አይፈቀድም። ለፈረሱ ይህ ልምምድ አይደለም፤ ሊመታ ነው። አንዳንዱ ይፈረጥጣል። እርሱ ቢያንስ ችግሩን ነግሯችኋል። የሚያሳስበው ዝም ብሎ የሚቆመው ነው። አንገቱ የደረቀ፣ ጆሮው አንድ ቦታ የተተከለ፣ ጭራው የተጣበቀ፣ ትንፋሹን የያዘ ፈረስ የተረጋጋ አይደለም፤ ፍርሃት አድርቆታል፤ አንድ ቀን ሜዳ መሐል ላይ ይፈነዳል፤ ጋላቢውም ያልጠረጠረውን ነገር ያገኘዋል።

ስለዚህ ዱላውን እንዲህ አስለምዱት። መጀመሪያ ሳይታሰር፣ በታጠረ ቦታ፣ ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ከግራ ትከሻው አጠገብ ቁሙና ድርቆሽ ይብላ። ይህን ሲለምድ በዱላው ትከሻውን ቀስ ብላችሁ አሹት፤ ከዚያ አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ታፋውን፣ በመጨረሻም ሆዱንና እግሮቹን፤ በቀኝም በግራም። ሲደነግጥ ዱላውን ወዲያው አትንጠቁት፤ መደንገጥ ዱላን እንደሚያስወግድ ታስተምሩታላችሁ። አትግፉትም። ዱላውን ባለበት አቁሙት፤ ፈረሱ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሲያላምጥ፣ ረጅም ሲተነፍስ ያን ጊዜ አንሱት። ቀጥሎ ከ5 ሜትር ርቀት ላይ ዱላውን በቀስታ አወዛውዙ፤ በቀናት ውስጥ ቅረቡ። ከዚያ ሰው ይቀመጥበት፣ ሌላ ሰው ከፊት ይምራው፣ ዱላው ሳይንቀሳቀስ ይያዝ፤ ከዚያ በእርምጃ ግማሽ ውዝወዛ። ኳስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት። በ8ኛው ሳምንት አሁንም የሚደርቅ ከሆነ ለፖሎ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚያ ዱላ አንድ ጊዜ እንኳ የመታው ሰው ካለ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

መሪ የመቀበል ጉዳይም አለ። የጋሪ ፈረስ በሁለት ገመድ፣ አፉን ተስቦ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚያውቀው። የፖሎ ፈረስ ግን በአንድ እጅ ይመራል፤ ልጓሙ አንገቱን በግራ ሲነካው ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚህ የጉግስ ፈረሶቻችሁ ይቀድማሉ፤ ጋሻና ዘንግ የሚይዝ ሰው በአንድ እጁ ስለሚመራቸው ይህን ግማሹን ያውቁታል። በፖሎ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋትም የተፈቀደ ነው። የጋሪ ፈረስ ደረቱና ትከሻው ላይ የማሰሪያ ጠባሳ አለው፤ ግፊያው የሚያርፈው በትክክል እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ፈረሶች ግፊያ ሙሉ በሙሉ ይከልከል።

ሙሉ ፖሎ ምን ያህል ፈረስ እንደሚበላም እወቁ። ሜዳው እስከ 274 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 146 ሜትር ነው፤ በአንድ ወገን 4 ሰው፤ ጨዋታው ቸከር በሚባሉ 7 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ክፍሎች ይከፈላል፤ በየቸከሩ ፈረስ ይቀየራል፤ አንድ ፈረስ ተከታታይ ሁለት ቸከር አይጫወትም። 4 ቸከር ለመጫወት ለስምንታችሁ ቢያንስ 16 ጤነኛ ፈረስ ማለት ነው። የተሻለው በትንሽ ሜዳ የሚደረገው ዓይነት ነው፦ 91 በ46 ሜትር ገደማ፣ በአንድ ወገን 3 ሰው፣ አየር የተሞላ ትልቅ ለስላሳ ኳስ። ኳሱ ሩቅ ስለማይሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ልማድ ግን እዚህ አይሠራም። ጥንጉን ተከትሎ ከየአቅጣጫው መግባት በእግር ሲሆን ሳቅ ነው፤ በፈረስ ሲሆን አጥንት ይሰብራል። የፖሎ ዋናው ሕግ የኳሱ መስመር ነው፦ ኳሱ የሄደበትን መስመር ይዞ የሚጋልበው ሰው ፊት ማንም አቋርጦ አይገባም። ይህን ሕግ ሁሉም ሰው በእግሩ እየተጫወተ ሳይሳሳት እስኪያሳይ ፈረስ ላይ አይውጣ። ጉግስ ላይ የለመዳችሁትን ባዶ ራስም ተዉት፤ አገጭ ላይ የሚታሰር ሄልሜት የሌለው አይጫወትም። የፈረሱ አራቱም እግሮች ከጉልበት በታች በፋሻ ይጠቀለሉ፤ በጣም ጠብቆ የታሰረ ፋሻ ግን ጅማት ይጎዳልና አሳሰሩን ከሐኪም ተማሩ።

ስለ መሬቱ አንድ ነገር፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የደብረ ብርሃንና የጫጫ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ይጨቀያል፤ በጥርና በየካቲት ሲደርቅ ደግሞ የፈረስ ሰኮና የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሣሩ ስለሚሸፍነው ከኮርቻ ላይ አይታይም። የፍልፈል ጉድጓድም አለ። ከጨዋታ በፊት ስምንታችሁም በሁለት ሜትር ርቀት ተሰልፋችሁ ሜዳውን በእግር አስሱ፤ ስንጥቁን በአፈር ሙሉ፣ ድንጋዩን ልቀሙ። በየጨዋታው ቀን ይደገማል።

ጊዜውን ስንደምረው፦ አጥንቱ የወጣ ፈረስ ያለ ምንም ሥራ ሥጋ ለመያዝ ብቻ ከ3 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። ምልክቱ የጎን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን የማይታይ መሆኑ ነው። ከዚያ 12 ሳምንት ማጠንከሪያ፦ አራቱ ሳምንት በእርምጃ ብቻ፣ አራቱ ሶምሶማ እየተጨመረ፣ የመጨረሻዎቹ አራት አጭር ግልቢያ። ከሥራ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ካልወረደ የሰጣችሁት ሥራ በዝቶበታል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ያላገገመ ልብ በዚህ ከፍታ ላይ ምሕረት የለውም። በድምሩ ከ6 እስከ 8 ወር ነው። ለጥምቀት አይደርሱም። በዚያ ቀን ከበረታቸው አታውጧቸው፤ ሕዝብ፣ እልልታና ከበሮ ባለበት ለከሳ ፈረስ የሚሆን ነገር የለም።

የምመክራችሁ ውሳኔ ይህ ነው። ማንሳትና መጫወት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አታጋቧቸው። ሦስቱን ፈረሶች መቼም እንደማይጋለቡ አድርጋችሁ አክሟቸው፤ እነርሱ ሳይድኑ አራተኛ አትጨምሩ። ለፖሎው የጉግስ ፈረሶቻችሁን ተጠቀሙ፤ ከጎደላችሁ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆነ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው ንጹሕ ፈረስ ከገበያ አስመርምራችሁ ግዙ። በእነርሱ ዘንድሮ በትንሽ ሜዳ፣ በሶምሶማ፣ ያለ ግፊያ ጀምሩ። ከሦስቱ አንዱ በመጪው ክረምት ማብቂያ የክብደቱን፣ የማንከሱንና የዱላውን ፈተና ካለፈ፣ ከ45 ኪሎ በታች ለሆነ ታዳጊ የእርምጃና የሶምሶማ መለማመጃ ይሁን። ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

ያላለፉት በመስክ ይሰማሩ፤ ለአዲስ ፈረስ ጓደኛ መሆን ራሱ ሥራ ነው፤ ፈረስ ብቻውን ሲታሰር ይታመማል። ከቦታና ከመኖ አቅማችሁ በላይ ከሆኑ፣ ጀርባው የዳነውን ለሚያውቅና ለሚንከባከብ ገበሬ በጽሑፍ ውል ስጡ፤ ውሉ ላይ ለጋሪ እንደማይታሰርና ካልቻለ ለእናንተ እንደሚመልስ ይጻፍ። እግሩ የተሰበረ ወይም ተኝቶ መነሳት ያቃተው ከሆነ ሐኪሙ በመድኃኒት እንዲያሳርፈው ፍቀዱ። ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ሌሊቱን ለጅብ መስጠት ነው፤ ያንንማ የቀድሞ ባለቤቱም አድርጎታል። አሁን ሐኪም ስትጠሩ የደረቱን ዙሪያና የርዝመቱን ልኬት፣ የምትሰጡትን መኖ መጠንና የየዕለቱን የሙቀት ንባብ በደብተር ይዛችሁ ጠብቁት፤ ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉ።